ጓያ በድርቅ ዘመን፤ አዘራሩ፣ እንክብካቤውና ጥንቃቄው

(ለእርዳታ፣ ለማቋቋሚያና ለእርሻ ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)

ድርቅ በገባበት ወረዳ የእርዳታ ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ምን ጠፋ?» የሚል ነው። ጤፉ ከስንት እጅ ስንቱ ጠፋ፣ ገብሱ በስንት ቀበሌ ተቃጠለ፣ ከከብቱ ስንቱ አለቀ እየተባለ ይመዘገባል፤ በመዝገቡም መሠረት የእህል ጥያቄ ይቀርባል። ይህ አሠራር ትክክለኛ ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጎን ለጎን ሊነሣ የሚገባው፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘነጋ ሌላ ጥያቄ አለ። እርሱም «ምን ተረፈ?» የሚለው ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል፣ ጥቁር አፈር ባለባቸው በርካታ ወረዳዎች፣ የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ቃል ነው፤ ጓያ።

ጓያ ሌላው ሰብል ሁሉ ሲከዳ የማይከዳ ተክል ነው። ዝናብ ቢያጥር ይበቅላል፤ ውሃ ቢተኛበት ይታገሣል፤ ማዳበሪያ ሳይሰጠው፣ እርሻው ሳይደጋገምለት ፍሬ ያፈራል። ነገር ግን ይኸው ባለውለታ ተክል በገበታ ላይ ብቻውን በቀረ ጊዜ፣ በወራት ውስጥ የጤነኛ ሰው እግር ይሰብራል። የተሰበረውም እግር ተመልሶ አይድንም።

ስለዚህ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጓያ አይከልከል፤ ነገር ግን ብቻውን አይተው። በማሳውም፣ በጎተራውም፣ በድስቱም ጓደኛ እህል ይኑረው። ይህን ማድረግ የገበሬው ፈንታ ብቻ ሳይሆን፣ እህልና ዘር የሚያከፋፍለው ሠራተኛም ተግባር ነው።

የተክሉ ጠባይ

ጓያ ከአተር፣ ከምስርና ከሽምብራ ጋር አንድ ወገን የሆነ የጥራጥሬ ተክል ነው። በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ የሚደርቅ ነው። ግንዱ ቀጭንና ደካማ በመሆኑ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በምድር ላይ ተንሰራፍቶ፣ ያገኘውን እየተደገፈ ያድጋል። በግንዱ ግራና ቀኝ ክንፍ የሚመስል ቀጭን ጠርዝ አለው። ቅጠሉ ሾጠጥ ያለ ሲሆን፣ ከቅጠሉ ጫፍ የሚወጣው ክር ባጠገቡ ባለው ተክል ላይ ይጠመጠማል። አበባው በአገራችን በብዛት ሰማያዊ ነው፤ ነጭና ቀላ ያለ አበባ የሚያወጣም ዓይነት አለ። ፍሬው እንደ አተር ድቡልቡል አይደለም፤ ጠርዝና ማዕዘን ያለው፣ ሽብልቅ የሚመስል ነው። ይህም በገበያ ከሌላው ጥራጥሬ ለይቶ ለማወቅ ይረዳል፤ ተከክቶ ወይም ተፈጭቶ ሽሮ ከሆነ በኋላ ግን መለየቱ አስቸጋሪ ነው።

ድርቅን የሚቋቋምበት ምክንያት ከሥሩ ይጀምራል። ዋናው ሥር ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ፣ ላይኛው አፈር ከደረቀ በኋላም በታችኛው አፈር የቀረውን እርጥበት ይስባል። ቅጠሉም ጠባብ በመሆኑ በፀሐይ ኃይል የሚያጣው ውሃ ጥቂት ነው። በሥሩ ላይ በሚገኙት ጥቃቅን እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ፤ ከዚሁም የተወሰነው ለአፈሩ ይቀራል። ጓያ ተዘርቶበት በከረመ መሬት ላይ በዓመቱ የሚዘራ ጤፍ ወይም ስንዴ ስለሚያምርበት፣ ገበሬው ጓያን መሬት ማሳረፊያ አድርጎ ይቆጥረዋል።

የምግብነት ጥቅሙም የሚናቅ አይደለም። ከፍሬው ክብደት ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ገንቢ ምግብ ነው። ሥጋና ወተት በራቀው ቤት ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ዋጋውም ከሌላው ጥራጥሬ የረከሰ በመሆኑ የድሃው ሽሮ ከእርሱ ይሠራል። ገለባው ለከብት ይሆናል።

አዘራሩና እንክብካቤው

ጓያ የሚወደው ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር፣ ማለት ዋልካውን ወይም መረሬውን ነው። እንዲህ ያለው መሬት በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ስለሚበረታ ለብዙ ሰብል አይመችም። ውሃው ሲሸሽ ግን በጉያው የያዘው እርጥበት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ተክል ሊያሳድግ ይችላል። በጣና ዙሪያ ያሉት የደምቢያና የፎገራ ሜዳዎች ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው።

የመዝሪያው ጊዜ ክረምቱ በሚወጣበት ሰሞን፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በመስከረም ውስጥ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው አባባል ለዚህ ሰብል የተነገረ ይመስላል። አፈሩ መሰንጠቅ ከጀመረ በኋላ የተዘራ ጓያ፣ ጥንካሬው የታወቀ ቢሆንም፣ ቡቃያው ይሳሳል። ስለሆነም የዘር እርዳታ በጥቅምት አጋማሽ የሚደርስ ከሆነ እንደ ዘር ሳይሆን እንደ ቀለብ መቆጠሩ የማይቀር ነው።

መሬቱ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከታረሰ ይበቃዋል። ዘሩ በእጅ ተበትኖ በማረሻ ይሸፈናል፤ ጥልቀቱ ከሁለት እስከ ሦስት ጣት ያህል ቢሆን መልካም ነው። በአንዳንድ አገር ገበሬው የቆመው ሰብል ሳይታጨድ ጓያውን በመካከሉ ይበትናል፤ ሰብሉ ሲነሣ ቡቃያው ቦታውን ይይዛል። በሬው በድርቅ ለሞተበት ሰው ይህ ዘዴ ጠቃሚ ነው። የዘሩ መጠን እንደ መሬቱና እንደ አዘራሩ ስለሚለያይ፣ በአካባቢው ያለውን የእርሻ ሠራተኛና የቀበሌውን ሽማግሌዎች ጠይቆ መወሰን ይበጃል።

ለዘር የሚሆነው ጓያ ከመታደሉ በፊት መፈተን አለበት። ፈተናው ቀላል ነው። ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ተወስዶ መቶ ፍሬ ይቆጠራል፤ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተጠበቀ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ከመቶው ሰማንያና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ይታደላል። ከግማሽ በታች ከሆነ ግን ለገበሬው መስጠት መሬቱንና ወቅቱን ማባከን ነው። ነቀዝ የበላው፣ የተሰባበረውና የሻገተው አስቀድሞ መለቀም አለበት።

ከበቀለ በኋላ የሚፈልገው እንክብካቤ ጥቂት ቢሆንም፣ ምንም አይፈልግም ማለት ግን አይደለም። በመጀመሪያ፣ ውሃ ቢታገሥም ለብዙ ቀናት የተኛ ውሃ ቡቃያውን ስለሚያሳጣው፣ ከማሳው ላይ ውሃ የሚወጣበት ፈሰስ ሊበጅለት ይገባል። ሁለተኛ፣ ከበቀለ ከአንድ ወር በኋላ አንድ ጊዜ ቢታረም ምርቱ ይሻሻላል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ምድሩን ሸፍኖ አረሙን ያፍናል። ሦስተኛ፣ በደረቅ ወቅት ክሽክሽ ጫፍ ጫፉን ይወርረዋል፤ ቅጠሉም አመድ የተነሰነሰበት እስኪመስል የሚነጣበት በሽታ ይይዘዋል። ገበሬው ማሳውን በየሳምንቱ ቢመለከትና በክሽክሽ ክፉኛ የተያዘውን ተክል ነቅሎ ቢያርቅ ጉዳቱ ይቀንሳል። አራተኛ፣ የጤፉና የገብሱ አጨዳ አልቆ ከብት በሚለቀቅበት ጊዜ ጓያው ገና እንደ ለመለመ ስለሚቆም፣ እረኛና አጥር ያስፈልገዋል። በድርቅ ዘመን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ጥበቃ ስለሆነ፣ ቀበሌው ተራ የሚገባ ጠባቂ ቢያቆም ይመረጣል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ የታችኞቹ የፍሬ ማቀፊያዎች ቡናማ መልክ ሲይዙ አጨዳው ይደርሳል። ይህም ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው። ከልክ በላይ ከደረቀ ማቀፊያው እየፈነዳ ፍሬው በማሳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ጤዛው ሳይነሣ በማለዳ ማጨድ፣ ከዚያም በአውድማ ላይ ለጥቂት ቀናት አድርቆ መውቃት ይገባል። የሚከማቸው ፍሬ በፀሐይ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ጎተራውም ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ተመርጎና ተከድኖ፣ ከነቀዝ መጠበቅ አለበት። ለዘር የሚቀመጠውን በንጹሕና በተነፋ አመድ ለውሶ ማኖር በብዙ ቦታ የታወቀ ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ጓያ በሚስማማው አፈርና ወቅት ሽምብራና ምስርም ይስማማቸዋል። እነርሱም በቀረ እርጥበት የሚያድጉ ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ጓያ እግር የሚሰብር ነገር የለባቸውም። በእርግጥ የጓያን ያህል ችግር አይችሉም፤ ዘራቸውም ውድ ነው። ስለሆነም ድርቅ የተጎዳው ገበሬ በራሱ አቅም ሲመርጥ ጓያን ብቻ ይመርጣል። የዘር እርዳታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ያለውን ጓያ ራሱ ይዘራል፤ ሊገዛው ያልቻለውን ሽምብራና ምስር ደግሞ እርዳታው ያቅርብለት።

እግር የሚሰብርበት ምክንያት

በፍሬው ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። የሕንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው ያወቁት ሲሆን፣ በሳይንስ ቋንቋ በአጭሩ ኦዳፕ ይባላል። በጥቂቱና ከሌላ ምግብ ጋር ሲበላ ሰውነት ይችለዋል። ጓያ የዕለት ምግቡን ሢሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲይዝ፣ ይህም ለሁለትና ለሦስት ወር ሳይቋረጥ ሲቀጥል፣ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች ይጎዳሉ። ገንቢነቱ ከፍተኛ ቢሆንም፣ ድኝ ያለባቸው ንጥረ ምግቦች ይጎድሉታል፤ እነዚህን የሚያሟላ እህል አብሮ ካልተበላ ጉዳቱ ይፋጠናል።

በሽታው ሲመጣ ብዙ ጊዜ በድንገት ነው። ማታ ደኅና የተኛ ወይም ቀን ሲሠራ የዋለ ሰው እግሩ ተገትሮ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ይገኛል። ቀለል ያለበት ሰው ያለ ምርኩዝ፣ ግን በእግሩ ጣት እየረገጠና እግሩን እያጣመረ ይሄዳል። የባሰበት በአንድ ዱላ፣ ከዚያ የባሰበት በሁለት ዱላ ይሄዳል፤ እጅግ የጸናበት በእጁ እየዳኸ ይቀራል። አእምሮው አይነካም፤ የሚያየውንና የሚሰማውን ሁሉ ያውቃል። ጓያውን ማቆም እንዳይብስ ይረዳል እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ መድኃኒትም አልተገኘለትም። ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን፣ ከሽማግሌዎች ይልቅ ጎልማሶችንና ወጣቶችን ያጠቃል። ይህም ማለት በእያንዳንዱ ቤት አራሹንና ነገ አራሽ የሚሆነውን መርጦ ይመታል ማለት ነው።

በብዙ ገጠር «ጓያ ሰበረው» ይባላል። ሕዝቡ በተክሉና በበሽታው መካከል ያለውን ግንኙነት ከማንም ቀድሞ ያውቅ ነበር። ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ጉዳቱ የሚመጣው ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት፣ ወይም ገለባው ላይ ከመተኛትና ማሳውን ከመርገጥ ነው የሚል እምነት አለ። ውጤቱ የሚያሳዝን ነው። እናት ልጇን ከእንፋሎቱ ታርቃለች፤ ቆሎውን ግን በኪሱ ትሞላለታለች። ይህን እምነት በማናናቅ ማጥፋት አይቻልም። «መጠንቀቃችሁ ደግ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ወደ አፍ ይዙር» ማለት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ነገር ይህ ነው። ተክሉ በውሃ ጥም ሲጨነቅ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ይጨምራል። ስለዚህ ሌላውን እህል ያጠፋው ድርቅ፣ የተረፈውን ጓያ ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል። ሕዝቡ ጓያን አብዝቶ የሚበላበት ዓመትና ጓያው አብዝቶ የሚጎዳበት ዓመት አንድ ዓመት ናቸው።

የታሪክ ምስክርነት

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። በማዕከላዊ ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1829 ጀምሮ የስንዴው ሰብል በበረዶና በበሽታ ሲበላሽ፣ ጓያው ግን ለምልሞ ነበር። የመንደሩ ሰዎች እርሱን እየበሉ ከቆዩ በኋላ በርካታ ወጣቶች ከወገብ በታች እንደ ሰነፉ እንግሊዛዊው ሹም ዊልያም ስሊማን እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ ዘግቧል። በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 በደረሰው ረሀብ ሕዝቡ በጓያ ገንፎ ነፍሱን አቆየ። ስሙ ከተክሉ ስም ጋር የተገጣጠመው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ ይህንኑ በሥዕል አስቀርቶታል፤ የሥዕሉም ርእስ ለጓያ ምስጋና የሚያቀርብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943፣ ቫፕንያርካ በተባለው የእስረኞች ሠፈር ለአይሁዳውያን እስረኞች ጓያ ቀለብ ሆኖ ተሰጠ። በመቶ የሚቆጠሩት እግራቸው ሲሰንፍ፣ የበሽታውን ምክንያት ለይቶ ያወቀው ራሱ እስረኛ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነበር።

ወደ አገራችን ሲመጣ፣ በ1969 ዓ.ም. ግድም በደምቢያና በፎገራ የበሽታው ወረርሽኝ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሽታውን በሰፊው አጥንተዋል። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ደግሞ፣ ያን ጊዜ ደላንታ ዳውንት ይባል በነበረው የወሎ ወረዳ፣ ድርቅን ተከትሎ በተነሣው ወረርሽኝ 2000 ያህል ሰዎች አካላቸው እንደ ጎደለ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና የሥራ ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም አስታውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ምንድር ነው? መፍትሔው መከልከል ነው የሚሉ ነበሩ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ በሕግ ከልክላ ነበር፤ ገበሬዎቹ ግን መዝራታቸውን፣ ድሆቹም መብላታቸውን አላቆሙም። ሌላ ምርጫ የሌለውን ሰው «ይህን አትብላ» ማለት፣ ራብህን ምረጥ ከማለት አይለይም። ሰው በጓያ የሚሰበረው ጓያን ስለ ወደደ አይደለም፤ ከጓያ በቀር ምንም ስላጣ ነው። ስለዚህም የጓያ በሽታ በእህል ስርጭት ጊዜውን ጠብቆ መድረስ ወይም አለመድረስ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

በድስት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

በደላንታ ዳውንት የተደረገው ጥናት ለእርዳታ ሠራተኛ እጅግ የሚጠቅም ውጤት አስገኝቷል። ጓያን የበላ ሁሉ እኩል አልተጎዳም፤ አበላሉ ለውጥ አምጥቷል። እሸቱን ጥሬውን መብላት፣ በቆሎ መልክ መቁላትና በንፍሮ መልክ ቀቅሎ መብላት አደጋውን ከፍ ያደርጋል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት፣ እንዲሁም ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመሳሰሉት ቅመሞች ወጥ አድርጎ መብላት ደግሞ አደጋውን ይቀንሳል። ቆሎና እሸት በእረኞችና በአራሾች እጅ የሚገኝ የመንገድ ስንቅ መሆኑ ሲታሰብ፣ በሽታው ወንዶችን ለምን እንደሚያበዛ በከፊል ይገልጻል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ለየቤቱ ሊሰጥ ይችላል።

አንደኛ፣ ጓያ ከመበሰሉ በፊት በብዙ ውሃ፣ በተለይም በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ውሃውም ይደፋ። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከፊሉ ከውሃው ጋር ይወጣል። ሲቀቀልም በብዙ ውሃ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ እንደገና ቢቀቀል ይበልጥ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ሽሮው ለብቻው አይፈጭ። ከባቄላ፣ ከሽምብራ ወይም ከአተር ጋር ይቀላቀል፤ ከገብስ፣ ከጤፍ፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ በተሠራ እንጀራም ይበላ። በቀን ከሚበላው ሁሉ ጓያው ከሩብ በታች እንዲሆን መጣር ይገባል።

ሦስተኛ፣ የጓያ ቆሎ፣ ንፍሮና ቂጣ የዘወትር ምግብ አይሁን። እሸቱ ለልጆች አይሰጥ።

አራተኛ፣ በተከታታይ ቀናት ብቻውን አይበላ። አንድ ቀን ሌላ ነገር ቢገኝ፣ ያ ቀን ለሁሉም የቤቱ ሰው በተለይም ለወጣቶቹ ይሁን።

እነዚህ ምክሮች ግን ወሰን አላቸው። በድርቅ ዘመን ውሃ ከሩቅ በጀርባ ይመጣል፤ ማገዶም ይጠፋል። ከሁለት ሰዓት መንገድ ያመጣችውን ውሃ ድፊው የምትባል እናት ምክሩን ብትሰማም ልትፈጽመው አትችልም። ስለዚህ የውሃ ጉድጓድ መቆፈርና የጓያን አደጋ መከላከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተደርገው መታየት የለባቸውም።

ስለ ተሻሻለ ዘር

ተመራማሪዎች መርዙ ያነሰበትን ጓያ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። በኢትዮጵያም «ዋሴ» የተባለው መርዙ አነስተኛ የሆነ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬዎች ተለቋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። መርዙ አነሰ እንጂ አልጠፋም፤ በድርቅም ሊጨምር ይችላል። ሁለተኛም፣ ጓያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም፣ ንቦች ከአበባ ወደ አበባ ሲዘዋወሩ ከጎረቤት ማሳ ጋር ያዳቅሉታል። በመንደሩ መካከል በትንሽ ቁራጭ መሬት የተዘራ የተሻሻለ ዘር ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ነባሩ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ዘሩ ለአንድ አንድ ገበሬ ከሚበታተን ይልቅ፣ ጎረቤታሞች በአንድ ላይ ቢዘሩትና ለዘር የሚሆነው ከሌላው ጓያ ራቅ ባለ ማሳ ቢመረት ይሻላል።

የሠራተኛው ድርሻ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ በሠራተኛው የሥራ መርሐ ግብር ላይ ካልሰፈረ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የጓያ አደጋ አስቀድሞ ሊቆጠር የሚችል ነው። በመስከረም ጓያ ብቻ በብዛት መዘራቱ የመጀመሪያው ምልክት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የጤፉና የገብሱ ምርት መጥፋቱ ሁለተኛው ነው። በጥርና በየካቲት በገበያ ላይ ጓያ ሞልቶ ሌላው እህል መወደዱ ሦስተኛው ነው። ከዚህ በኋላ ሁለትና ሦስት ወር ቢቆጠር መጋቢትና ሚያዝያ ይሆናል። ስለዚህ የእህል እርዳታው በሰኔ ደርሶ «ሕዝቡን ከሞት አተረፈ» ቢባል እውነት ነው፤ ከዱላ ግን አላተረፈውም። ጥቂት ጆንያ ማሽላ ወይም በቆሎ በየካቲት መጨረሻ መድረሱ፣ በሰኔ ከሚደርስ ብዙ ጆንያ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ለእርዳታ የሚሰጠው እህል የቀረውን ጓያ የሚያሟላ መሆን አለበት። ለሥራ ክፍያ የሚታደል ቀለብ ከቶ ጓያ መሆን የለበትም፤ በሕንድ አገር የቀን ሠራተኞች ደመወዛቸውን በጓያ ይቀበሉ በነበረበት ዘመን በሽታው የሠራተኞች በሽታ ሆኖ ነበር። ከአካባቢው ገበያ ክክና ሽሮ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ይመርምር፤ በጥራጥሬ ውስጥ ርካሹ ሁልጊዜ ጓያ ነውና። የጤና ረዳቶችም እግሩ የከበደውን፣ ጭኑ የሚገተርበትን፣ ሲሄድ የሚደናቀፈውን ወጣት እንዲጠይቁና ወዲያው እንዲያስታውቁ ይታዘዙ። በአንድ መንደር አንድ ሰው መታመሙ የሁሉም ገበታ አንድ ዓይነት ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

ሕዝብ በሚሰፍርበት ቦታ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሄዱት ሰዎች የደጋና የወይና ደጋ እርሻ ያደጉበት ሙያ ነበር። የደረሱበት አገር ግን ሞቃትና ዝናባም ነበር። ጓያ የሚወደው ቀዝቀዝ ያለውን አየርና ክረምት የወጣለትን ጥቁር አፈር ስለሆነ፣ በየትም ቦታ የችግር ቀን መድኅን ነው ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው። ለሰፋሪ የሚሰጠው ዘር ከመጣበት አገር ሳይሆን ከደረሰበት አገር አፈር ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።

በመጨረሻም አስቀድመው የተሰበሩት አይረሱ። በምዝገባ ጊዜ ወደ ሰልፉ ሊደርሱ የማይችሉት እነርሱ ናቸው፤ ስለዚህ ስማቸው በየቤታቸው ሊጻፍ ይገባል። ሥራ ሲፈለግላቸውም ማስተዋል ያሻል። ለአካል ጉዳተኛ ሁሉ ሽመና ይሰጠው ይባላል፤ ሽመና ግን በእግር የሚሠራ ሥራ ነው። ንብ ማነብ፣ የሰሌንና የቅርጫት ሥራ፣ ችርቻሮ፣ ማንበብና መጻፍ የተማሩትም የመዝገብ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። እጃቸውና አእምሯቸው ጤነኛ ነው።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፤

ድርቅ የወሰደው ሰብል በሚመጣው ዓመት ዝናብ ሊተካ ይችላል። የሞተ በሬም በብዙ ድካም ይተካል። በጓያ የሄደ እግር ግን አይተካም፤ ባለቤቱ ወጣት ከሆነ ዐርባና ኀምሳ ዓመት በዱላ ይኖራል። ይህን ጉዳት ለመከላከል የሚያስፈልገው ነገር አዲስ መድኃኒት አይደለም። በመስከረም ከጓያው ጎን የሚዘራ ሽምብራና ምስር፣ በየካቲት መጨረሻ የሚደርስ እህል፣ በየመንደሩ የሚነገር ትክክለኛ የአበሳሰል ምክር ነው። ጓያ በችግር ቀን ሰውን አልከዳም፤ ሰውም ጓያን ብቻውን አይተወው።